ከማን ወረሰው?

አራስ ጥየቃ ሄዳ የማታውቅ እናት የለችም። ገንፎው ይቀርባል፣ ቡናው ይቆላል፣ ሕፃኑ ከክንድ ወደ ክንድ ይዘዋወራል። ጠያቂው ሁሉ የልጁን መልክ ለዘመድ ያከፋፍላል፤ «አፍንጫው የአባቱ ነው»፣ «ግንባሩስ ቁርጥ አያቱን» ይባላል፤ ይሳቃል።

ባለፈው ዓመት የገባሁበት አንድ የአራስ ቤት ግን ሳቅ አልነበረበትም። ሕፃኑ በነጠላ ተሸፍኖ ከእናቱ ጎን ተኝቷል። ልቀፈው ያለ ሰው የለም። የላይኛው ከንፈሩ ተሰንጥቆ ነበር የተወለደው። አማትየው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ ለማንም ለይተው ሳይሆን፣ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም» አሉ። አራሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰው ቀለል ሲል ጠጋ ብዬ ባነጋግራት ያስጨነቃት የሰው አፍ ብቻ አልነበረም። «እትዬ፣ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል። ከተወለደ ስድስት ቀኑ ነው፤ አንድም ቀን ጠግቦ አያውቅም» አለችኝ።

በዚያ ቤት «ከማን ወረሰው?» ያላለ አልነበረም። «ጠግቧል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ውድ አንባቢዎች፣ የዛሬውን ጽሑፍ የማቀርብላችሁ በዚያች አራስ ምክንያት ነው። በጥርስ፣ በመንጋጋ፣ በከንፈርና በላንቃ ላይ የሚታየው ጉድለት ሁሉ በዘር የመጣ ነውን? በዘር ከመጣስ እንዴት ይመጣል? ጥፋቱስ የማን ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ፤ በዘር የመጣ ከሆነ ጥፋቱ የማንም አይደለም። የቀሩትን ግን ለይተን ማወቅ ይገባናል። ምክንያቱም በዘር ያልመጣውን «ዘራቸው ነው» ብሎ መተው ልንከላከለው የምንችለውን ጉዳት ዝም ብሎ ማየት ነው። በዘር የመጣውን መደበቅ ደግሞ ለሚቀጥለው ልጅ የሚጠቅመውን እውቀት መቅበር ነው።

ውሃ የሚያመጣው

በወንጂ፣ በዝዋይና በሌሎችም የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ያደጋችሁ የምለውን ታውቁታላችሁ። የአባትም፣ የእናትም፣ የልጆችም ጥርስ ቡናማ፣ አንዳንዴም የተቦረቦረ ሆኖ ይታያል። ይህን ያየ እንግዳ ሰው «የዘራቸው ነው» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ዞር ብሎ ጎረቤታቸውን፣ ከዚያም የጎረቤታቸውን ጎረቤት ቢመለከት ያንኑ ያገኛል። ዘር የሚከተለው የሥጋ ዝምድናን ነው፤ ውሃ የሚከተለው ግን ሰፈርን ነው።

ምክንያቱ ከዐለት ውስጥ እየሟሟ ወደ ጉድጓድ ውሃ የሚገባው ፍሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ፍሎራይድ በመጠኑ ሲሆን ጥርስን ከመበስበስ ይጠብቃል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው ወሰን፣ ይኸውም በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም ሲበልጥ ግን በመሠራት ላይ ያለውን ጥርስ ያበላሻል። የአብዛኛው ቋሚ ጥርስ ሽፋን የሚሠራው ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እስከ 8 ዓመቱ ገደማ ድድ ውስጥ ሳለ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ በሕፃንነት ይደርሳል፤ የሚታየው ግን ከ6 ዓመት በኋላ ቋሚው ጥርስ ብቅ ሲል ነው። ከአንድ አባትና እናት ከተወለዱት መካከል አያቱ ዘንድ አዲስ አበባ ያደገው ልጅ ጥርሱ ነጭ፣ ከወላጆቹ ጋር የቀረው ግን ቡናማ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

በእነዚህ አካባቢዎች የምትኖሩ እናቶች ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ውሃ ማፍላት ተውሳክን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው ተንኖ ባነሰ ቁጥር እንዲያውም ይበልጥ ይጠናከራል። ሁለተኛ፣ በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ፍሎራይድ እጅግ ጥቂት ነው፤ በጉድጓዱ ውሃ የሚበጠበጥ የዱቄት ወተት ግን የውሃውን ፍሎራይድ ሁሉ ለሕፃኑ ያቀብላል። ስለሆነም ጡት ማጥባት የልጅን ጥርስም መጠበቅ ነው። የተጣራ ውሃ ወይም የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ በቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት ለትንንሾቹ ይሰጥ።

የሰው እጅ የሚያመጣው

የአንዳንድ ልጅ ክራንቻ ጥርስ ሳይበቅል ይቀራል፤ ወይም ተጣሞና ተቦርቡሮ ይበቅላል። ዘመድ ይሰበሰብና «የእናቷ ወገን ጥርስ የላቸውም» ይባላል። ከዚህ ፍርድ በፊት አያትየዋን አንድ ነገር መጠየቅ ያሻል፤ «ልጁ በሕፃንነቱ ግግ ወጥቶለት ነበር ወይ?»

እንደሚታወቀው ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ይባልና ድዱ በስለት ይፈለፈላል። ከዚያ የሚወጣው ነጭ ነገር ትል እየተባለ ይታያል። ትል አይደለም፤ ሊበቅል ጊዜውን የሚጠብቅ የወተት ጥርስ ነው። ከእሱ ሥር ደግሞ ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ የሚበቅለው ቋሚ ክራንቻ ተጸንሶ ይገኛል። ስለቱ ያንን ከነካው ልጁ ዕድሜ ልኩን ይጎድለዋል። ይህም ሕፃኑ ከደም መፍሰስና ከመንጋጋ ቆልፍ ከተረፈ ነው። ለተቅማጥ መድኃኒቱ ጡት ሳያቋርጡ ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ማጠጣት ነው። ድድ መፈልፈል ያዳነው ተቅማጥ የለም።

በእውነት ዘር ሲሆን

ውሃውም የሰው እጅም ካልሆነ ወደ ዘር እንመጣለን። ሰውነታችን የሚሠራበት መመሪያ ዘረ መል ወይም ጂን ይባላል። ጥቂት ቢቀር መመሪያውን ሁሉ ሁለት ሁለት አድርገን እንይዛለን፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። በመመሪያው ላይ ስሕተት ሲገባ ውጤቱ እንደ ዓይነቱ ይለያያል።

አንዳንዱ ስሕተት ከሁለቱ ወላጆች በአንዱ መገኘቱ ብቻ ይበቃዋል። ለምሳሌ ከጥርስ ሽፋን ሥር ያለው አካል በሚገባ ሳይሠራ የሚቀርበት ሕመም አለ። ጥርሱ ግራጫ ወይም የማር ቀለም ይይዛል፤ ሽፋኑ ቶሎ ይሰነጠቅና ጥርሱ እስከ ድድ ድረስ ይፋቃል። ከፍሎራይዱ የሚለየው የወተት ጥርስንም ጭምር አጥብቆ በመያዙና ከቤተሰቡ አልፎ ጎረቤትን ባለመንካቱ ነው። እንዲህ ያለ ሕመም ካለበት አባት ወይም እናት የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ከ100 50 ነው። ነገሩ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። የመጀመሪያው ልጅ ስለወረሰ ሁለተኛው ይተርፋል ማለት አይደለም፤ ሳንቲሙ በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይወረወራል።

ሌላው ዓይነት በእናት በኩል አልፎ በወንዶች ልጆች ላይ የሚወጣው ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ፍጥረት ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በዛሬዋ ፓኪስታን፣ በሲንድ ይኖር ስለነበረ አንድ ቤተሰብ ጽፏል። በአራት ትውልድ 10 ወንዶች የነበሯቸው ጥርሶች ጥቂትና ደካማ ነበሩ፤ የሰውነት ጠጉራቸው ስስ ነበር፤ በሙቀት ወራትም ቆዳቸው እየደረቀ ይሠቃዩ ነበር። ሴቶች ልጆቻቸው ይህ አልታየባቸውም፤ ግን ወደ ወንዶች ልጆቻቸው ያስተላልፉት ነበር። ዳርዊን ምክንያቱን ሳያውቅ ሞተ። ስሕተት ያለበት ዘረ መል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ምስጢሩ ይህ ነው። ሴት ኤክስ የተባለውን ክሮሞሶም ሁለት ትይዛለች፤ ወንድ ግን አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ብቻ አለው። በአንዱ ኤክስ ላይ ስሕተት ቢኖር ሴቷን ሁለተኛው ይደግፋታል፤ ምናልባት አንድ ሁለት ጥርስ ብትጎድል ወይም አንዱ ሹል ቢሆንባት ነው። ወንዱ ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ የዚህች እናት ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሴት ልጇም ሳትታመም ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ እንዲሁ ግማሽ በግማሽ ነው። የትኛውን ኤክስ ለልጇ እንደምትሰጥ የምትመርጥ እናት በምድር ላይ የለችም።

ይህን ሕመም ማወቅ ሕይወት ያድናል። ወንድ ልጃችሁ ጠጉሩ ስስ ከሆነ፣ ጥርሱ ዘግይቶ ጥቂትና ሹል ሆኖ ከበቀለ፣ በሙቀት ጊዜም የማያልበውና ያለ ሌላ ምክንያት ሰውነቱ እንደ እሳት የሚሆን ከሆነ ለሐኪም ንገሩ። ላብ የሌለው ሕፃን ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልምና ሙቀት ሊገድለው ይችላል። ከፀሐይ ማራቅ፣ ውሃ ማጠጣት፣ በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ ያስፈልገዋል። ጥርሱን በተመለከተ ትምህርት ቤት ሳይገባ ጀምሮ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊሠራለት ይችላል።

«እንግዲያው ሁሉም ከእናት ነው» የሚል ካለ ደግሞ ይህንንም ይስማ። የጥርስን ውጫዊ ሽፋን ከሚያበላሹት የዘር ስሕተቶች አንዱ በዚሁ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ይህ ያለበት አባት ለሴቶች ልጆቹ ሁሉ ያወርሳቸዋል፤ ከወንዶች ልጆቹ ግን አንዱም ከእሱ አይወርሰውም።

ሦስተኛው ዓይነት ከእናትም ከአባትም የተሳሳተው መመሪያ ሲገናኝ ብቻ የሚወጣ ነው። ሁለቱም ወላጆች ጤነኞች ናቸው፤ የያዙትን አያውቁም። እንዲህ ያለው የሥጋ ዘመዳሞች በሚጋቡበት ቤት ይበረክታል። እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የሚከለክለው የአበው ልማድ በዚህ ረገድ የሚጠቅም ሆኖ ይገኛል።

ከንፈርና ላንቃ

አሁን ወደዚያች አራስ እንመለስ። የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ በዓለም ላይ በአማካይ ከ700 ሕፃናት በ1ዱ ላይ ይታያል። ብርቅ ነገር አይደለም።

የሰው ፊት በማሕፀን ውስጥ የሚሠራው ከግራና ከቀኝ የሚመጡ ክፍሎች መሐል ላይ ሲገናኙ ነው፤ ልብስ ሰፊ ሁለት ጨርቅ እንደሚያጋጥም ማለት ነው። ከንፈር የሚገጥመው ከ4ኛው እስከ 7ኛው፣ ላንቃ የሚገጥመው ከ6ኛው እስከ 9ኛው የእርግዝና ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ በቅጡ አላወቀችም። አንዳንድ ጊዜ ስፌቱ ሳይገጥም ይቀራል፤ ያ ነው መሰንጠቁ። እርግማን አይደለም፤ የእናቲቱም ኃጢአት አይደለም።

ዘር በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው፤ ግን ብቻውን አይደለም። ከአንድ እንቁላል የተገኙ፣ ዘረ መላቸው አንድ ዓይነት የሆነ መንትዮች እንኳ አንዱ ተሰንጥቆ ሲወለድ ሌላውም የሚሰነጠቀው በግማሽ ገደማ ብቻ ነው። የእናት ሲጋራ ማጨስ፣ ያልታከመ የስኳር በሽታና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች አደጋውን ከፍ ያደርጉታል። የአፍሪካውያን ዘር በዚህ ረገድ ብዙ ሳይጠና ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ከጋና፣ ከናይጄሪያና ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ናሙና ላይ የተደረገ ጥናት ከላንቃ መሰንጠቅ ጋር የተያያዙ አዳዲስ የዘረ መል ሥፍራዎችን አመልክቷል። የአገራችን እናቶችና ልጆች በዚህ ጥናት ውስጥ መግባታቸው ለነገ ተስፋ የሚሰጥ ነው።

«ሌላ ብወልድስ?» ብላ የማትጨነቅ እናት የለችም። ወላጆቹ ራሳቸው ካልተሰነጠቁና አንድ ልጅ ብቻ እንዲህ ከተወለደ የሚቀጥለው ልጅ እንዲሁ የመሆን ዕድሉ ከ100 4 ያህል ነው። በሌላ አነጋገር ከ100 ውስጥ 96ቱ ደህና ናቸው። ሁለት ልጆች ከተሰነጠቁ ግን ወደ 10 ከፍ ይላል። አንድ ልዩ ምልክትም አለ። እናት ወይም አባት በታችኛው ከንፈር ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ካሏቸው ነገሩ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዘረ መል የሚመጣ ነው፤ ዕድሉም ከ100 50 ይሆናል። ይህ ዘረ መል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ስለዚህ ከልጁ በተጨማሪ የራሳችሁንም ከንፈር በመስተዋት ተመልከቱ።

መጀመሪያ ግን ልጁ ይጥገብ

ከንፈሩ ብቻ የተሰነጠቀ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ጡት መጥባት ይችላል። ላንቃው ከተሰነጠቀ ግን አፉ አየር ስለሚያሾልክ መምጠጥ ያቅተዋል፤ እየደከመ ይተኛል፣ እናቱም የጠገበ ይመስላታል። ሕፃኑን ቀና አድርጋችሁ ያዙት። ወተታችሁን በንጹሕ ኩባያ አልባችሁ በማንኪያ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት፤ ቶሎ ቶሎም አስገሱት። በየሳምንቱ በጤና ጣቢያ አስመዝኑት። ክብደቱ ካልጨመረ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሆስፒታል ውሰዱት።

ከንፈሩ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ፣ ላንቃው ደግሞ አፉን ሳይፈታ፣ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይገጠማል። በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ድጋፍ ይህን ሕክምና በነፃ የሚሰጡ ሆስፒታሎች በአገራችን አሉ። ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ስለሚጠራቀም የመስማት ችሎታውም ይመርመር። ዘግይቶ የሚናገር ልጅ ሁሉ አእምሮው የዘገየ አይደለም፤ ምናልባት የማይሰማ ነው።

ለማርገዝ የምታስቡ ደግሞ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ውሰዱ። የጀርባ አጥንትና የአንጎል ጉድለትን መከላከሉ የተረጋገጠ ነው፤ ለከንፈርና ለላንቃም ሊረዳ እንደሚችል የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ። ከሲጋራና ከመጠጥ ራቁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ፤ ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

በእኛ ዘር የለም

ያቺን አራስ በማግስቱ ሆስፒታል ስናደርሳት አማትየውም አብረውን ነበሩ። ሐኪሙ የሁለቱንም ወገን ዘር ጠየቀ። «በከንፈሩ ወይም በላንቃው እንዲህ ሆኖ የተወለደ ነበር?» አለ። አማትየው ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ታናሽ ወንድሜ» አሉ። «እናታችን ለሰው አላሳየችውም። ጡት እምቢ አለና በሳምንቱ ሞተ። ስምም አልወጣለትም።»

ሐኪሙ ማንንም አልወቀሰም። ያሉትን ጻፈና ሕፃኑን ስለ ማጥባት ማስረዳት ጀመረ። በዚያ ቀን የታወቀው ከእነማን ወገን እንደመጣ አልነበረም፤ በሰው ዘር ሁሉ ሊገኝ ይችላልና። የታወቀው «በእኛ ዘር የለም» የሚባለው ብዙ ጊዜ የተወለዱት ስላልኖሩ መሆኑ ነው። ጡት እምቢ ያለ ሕፃን አልነበረም፤ መምጠጥ ያልቻለ፣ በማንኪያ ያላጠጡት ሕፃን ነበር። የገደለው የወረሰው ነገር አይደለም፤ ረኀብ ነው።

ሕዝባችን ዘር ቆጣሪ ነው። አያት፣ ቅድመ አያት እያለ እስከ ሰባት ቤት ይወርዳል። ይህን ችሎታ ለወቀሳ ሳይሆን ለሕክምና እናውለው። ይህን ጋዜጣ ስታስቀምጡ ወረቀት አንሡ፤ የሁለቱንም ወገን አያቶች ጠይቁ። ጥርስ የጎደለው፣ ጥርሱ ከሕፃንነቱ የተፋቀ፣ ከንፈሩ ወይም ላንቃው የተሰነጠቀ፣ በሕፃንነቱ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሞተም ቢኖር ጻፉት። ያ ወረቀት በሐኪም ፊት ትልቅ ዋጋ አለው። የምትጽፉትም ለአማት መልስ እንዲሆን ሳይሆን ለልጃችሁ ነው።

ያ ሕፃን ከንፈሩም ላንቃውም ተገጥሞለታል። አያቱ አሁን ከእቅፋቸው አያወርዱትም። ባለፈው ሰሞን ቡና ተጠርቼ ስሄድ አንዲት ጎረቤት ልጁን አየት አድርጋ «መልኩ ከማን ነው?» ብትል አማትየው ቀልጠፍ ብለው መለሱ፦

«ከእኛም ከእነሱም ነው። ይልቅ አንድ ማንኪያ ገንፎ አቀብዪኝ፤ አልጠገበም።»

ለሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።